ያልተከፈተው ብልቃጥ

ሰውየው ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ጧት ጧት ሥራ መግባታቸውን ግን አልተዉም። ቢያንስ እጄ የምታምነው እንደዚያ ነበር።

"እጄ" እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ስሙን ያወጡላት ሟቹ ፕሮፌሰር ናቸው። ገና አምሳ ሳይሞላቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና ፒፔት ይዘው አንዲት ጠብታ መለካት ተሳናቸው። ያን ጊዜ የላቦራቶሪ ባለሙያቸውን ጠርተው፣ "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጭንቅላቱ እኔ ነኝ፣ እጁ አንቺ ነሽ" አሏት። ከዚያ ወዲያ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ፣ አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች ሳይቀሩ፣ ትክክለኛ ስሟ እየመሰላቸው "እትዬ እጄ" ይሏት ጀመር። አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ሠሩ። እሷ "ጋሼ" ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ በጣም ሲቆጡ እንኳ "እጄ፣ ኧረ ተይ" ከማለት አያልፉም።

ሥራቸው ከፍል ውሃ በሚቀዱ፣ በዓይን በማይታዩ ነፍሳት ላይ ነበር። አርኬያ ይባላሉ። ሲያዩዋቸው ባክቴሪያ ይመስላሉ፣ ዘራቸው ግን ሌላ ነው። ሌላው ፍጡር ተቀቅሎ በሚያልቅበት ሙቀትና ብረት በሚበላ አሲድ ውስጥ ተመችቷቸው ይኖራሉ። ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያድጉት ቁም ሣጥን በሚያህል፣ ሌት ተቀን ሰማንያ ዲግሪ በሚግል የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ፕሮፌሰሩ ይህን ሣጥን ከመክፈታቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ ያንኳኩ ነበር። "ሰው ቤት ሳያንኳኩ ዘው አይባልም" ይላሉ። ተማሪ ሲስቅባቸውም፣ "ሳቅ እንጂ! እነዚህ አንተ ሳትታሰብ ስንት ሚሊዮን ዓመት የኖሩ ሽማግሌዎች ናቸው" ይሉታል።

ከቀብሩ ቀጥሎ ባለው ሰኞ እጄ ብቻዋን ላቦራቶሪውን ከፍታ ገባች። መብራቱን አበራች፣ ጋዋኗን ለበሰች። ጀርባዋን ለሣጥኑ ሰጥታ ጓንቷን ስታጠልቅ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ዞር ስትል ማንም የለም። በማግስቱም እንዲሁ። በሳልስቱም። የጥገናውን ሠራተኛ ጠራችው።

"ብረት ሲሞቅ ይጮኻል እኮ እትዬ" አላት ሣጥኑን ዞር ብሎ ካየ በኋላ።

"ብረት ሲሞቅ ቆጥሮ ነው እንዴ የሚጮኸው?"

ሰውየው ሳቀና የሙቀት መቆጣጠሪያውን ቀየረላት። ማንኳኳቱ አልቀረም። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው የፕሮፌሰሩ ጋዋንም ነበር። ማንም ደፍሮ አላወረደውም። ሦስት ጊዜ ታጥቦ የተሰቀለ ጋዋን ነው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ግን ከጫፉ የድኝ ሽታ ይመጣል፤ ያው የፍል ውሃው ሽታ። እጄ በዝናብ ቀን በበሩ ስታልፍ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ? ሌላው ሰው ሙት የሚያስቸግረው ሳያጠፋ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ፕሮፌሰሩ ለምን እንደሚመጡባት ታውቃለች። ምክንያቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከካርቶኖቹ ኋላ ተደብቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት አርኬያ ለሁለት ስትከፈል ዲኤንኤዋ ፊደል በፊደል መገልበጥ አለበት። ይህን የሚሠሩት ፖሊሜሬዝ የሚባሉ ገልባጮች ናቸው። ዋናው ገልባጭ እጅግ ጥንቁቅ ነው፤ ፕሮፌሰሩ "ጠንቃቃው" ይሉታል። ሙቀት ወይም ጨረር ያበላሸው ፊደል ፊቱ ሲገጥመው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወደፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ግልበጣው መሃል መንገድ ላይ ከቀረ ነፍሲቱ ትሞታለች። ያን ጊዜ ሌላ ገልባጭ ይመጣል፤ እጁ ልል የሆነ፣ የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም ሳይመርጥ የሚያልፍ። ፕሮፌሰሩ ለዚህኛው "ቸልተኛው" የሚል ስም ሰጥተውታል። ቸልተኛው የተበላሸችውን ቦታ አሻግሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ጠንቃቃው ሥራውን ይቀጥላል።

"ታዲያ ጠገነው ማለት ነው?" ብሎ ተማሪ ሲጠይቅ፣ ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "አልጠገነውም። ቁስሉ እዚያው ነው። ነፍሲቱ ከነቁስሏ ትኖራለች፤ ጠጋኙ ሲደርስ ይደርሳል።"

ሁለት ዓይነት ዘር ነበራቸው። አንዱ ቸልተኛውን የሚሠራው ጂን ያለው ነው፤ ሁለተኛው ያ ጂን ተቆርጦ የወጣለት። "ያለው" እና "የሌለው" ይሏቸዋል። ሁለቱም በትንንሽ ብልቃጥ ታሽገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣሉ። ለሙከራው እጄ ከየብልቃጡ ትንሽ ወስዳ በየጠርሙሱ ታሳድጋለች፣ ያደገውን በሳህን ላይ ትዘራለች፣ ጨረር ታበራበታለች፤ ከዚያም ብርሃን ጉዳቱን እንዳይጠግንላቸው ሳህኖቹን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ ትከታቸዋለች። ከሳምንት በኋላ የተረፈው ይቆጠራል። "ያለው" ይተርፋል፤ "የሌለው" ያልቃል። ሁሉም የጠበቀው ይህን ነበር።

በዚያ ወር ግን "የሌለው" እንደ "ያለው" ለምልሞ ወጣ። "ድገሚው" አሏት። ደገመችው። አሁንም ለመለመ። ሦስተኛም ደገመችው። ፕሮፌሰሩ እንደ ልጅ ፈነጠዙ። "ገባሽ እጄ? እዚህ ውስጥ ሌላ ቸልተኛ አለ! ማንም የማያውቀው! ከዱር ዘር ላይ፣ ከፍል ውሃው በቀጥታ ከሚቀዳው ላይ ማየት አለብን።" ዝናቡ እስኪያባራ ይቆዩ ቢባሉ አልሰሙም። አብረው ወደ ፍል ውሃው ሄዱ። እሷ ረጅሙን የመቅጃ ዘንግ ይዛ ከኋላ፣ እሳቸው ጠርሙሱን ይዘው ከፊት። ዝናብ የበላው መሬት እንደ ቀጭን ቅርፊት ከፕሮፌሰሩ እግር ሥር ከዳ። የፈላው ውሃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገቡ። እሷ በዘንጉ ጎትታ አወጣቻቸው። በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ እጄ አዲስ ጠርሙስ ለማሳደግ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። "የሌለው" የሚለውን ብልቃጥ አንስታ ልትከፍት ስትል እጇ ቀጥ አለ። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ አልተበጠሰም። የገዛ እጅ ጽሑፏ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ ቀን ያለበት፣ ሳይነካ እንደታሸገ ነው።  ያን ቀን ትዝ አላት፤ "ያለው" የሚለውን ከፍታ አንዱን ጠርሙስ ስታዘጋጅ እህቷ ደውላ ነበር። እናታቸው ደረጃ ላይ ወድቀው። አውርታ ስትመለስ ሁለተኛውንም ጠርሙስ ከዚያው ከተከፈተው ብልቃጥ አዘጋጀች። "የሌለው" እንደታሸገ ወደ ማቀዝቀዣው ተመለሰ። ሦስቱም ሙከራዎች የተሠሩት ከእነዚያ ሁለት ጠርሙሶች ነበር። አንድ ስህተት ሦስት ጊዜ ተገለበጠ። ሰው ገደለ።

የታሸገውን ከፍታ በትክክል ሞከረችው። "የሌለው" እንደሚጠበቀው አለቀ። ከዚያ ብልቃጡንም ማሸጊያውንም ጥላ የነገሩን ምልክት ማጥፋት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። የተበጠሰውን ማሸጊያ ከብልቃጡ ጋር አስራ ከካርቶኖቹ ኋላ ደበቀችው። ሆድ ይፍጀው አለች። ሆድ ግን አይፈጅም፤ ያቃጥላል እንጂ። የፕሮፌሰሩ ባልደረቦች ያንን የሐሰት ውጤት "የመጨረሻው ግኝታቸው" ብለው አሳተሙላቸው። የመጀመሪያው ገጽ በመስታወት ተደርጎ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። እጄ በዚያ በኩል መሄድ ትታ በኋላ በር መግባት ጀመረች።

ሦስተኛው ዓመት ባለቀ ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ የፕሮፌሰሩ ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ሚጢ ይሏታል። በልጅነቷ ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ስሙ የወጣላት ያኔ ነው። አሁን ሃያ አምስት ሞልቷታል፣ በአባቷ ሙያ ተመርቃለች። እጄን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት።

"እትዬ እጄ፣ አባዬ የጀመረውን ልጨርስ መጣሁ" አለቻት። "ሁለተኛውን ቸልተኛ አገኘዋለሁ።"

እጄ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከንፈሯ እንጂ ሌላው ፊቷ አልታዘዘላትም።

"ዓርብ ፍል ውሃው ጋ እሄዳለሁ" ቀጠለች ሚጢ። "ሹፌር ይዣለሁ። ከላይኛው ምንጭ ነው የምቀዳው፣ እሱ ሊቀዳ ከነበረው።"

"ሚጢዬ፣ ዝናብ ነው እኮ።"

"ጣውላ አነጥፋለሁ፣ ገመድ እታጠቃለሁ። አውቃለሁ።"

"መሬቱ ስስ ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ። ከኔ የበለጠ ማን ያውቃል?"

ያን ጊዜ ኳ፣ ኳ አለ። እጄ ደነገጠች። ሚጢ ሻንጣዋን እየከፈተች ስለነበር አልሰማች ይሆናል። እጄ ግን ሁለቱን ምት እንደ ቁጣ ሰማቻቸው። እንዲህ ሆኖ አያውቅም ነበር። እስከ ሐሙስ ድረስ እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ሹፌሩን ደውላ ልታስቀረው አሰበች፣ ጣውላውን ልትደብቅ አሰበች፤ ሁሉም የልጅ ሥራ ሆኖ ታያት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚጢ ጠርሙሶቹን ለጉዞው በካርቶን ስትደረድር አጠገቧ ቆመች።

"አትሂጂ" አለቻት።

"አሁንም?"

"እዚያ የምትፈልጊው ነገር የለም።"

ሚጢ ቀና አለች። "እንዴት የለም? ሙከራውን ራስሽ አይደለሽ የሠራሽው?"

"ራሴ ስለሠራሁት ነዋ።"

ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከካርቶኖቹ ኋላ ብልቃጡን አወጣች። ማሸጊያው አሁንም አብሮ ታስሯል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። የእህቷን ስልክ፣ ሁለቱን ጠርሙሶች፣ ሦስቱን ሙከራዎች፣ ማሸጊያውን። ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ስትለማመደው የኖረችው ንግግር ነበር።

ሚጢ ብልቃጡን አንስታ አየችው። መልሳ አስቀመጠችው።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ።"

"ከዚያ ወዲህ ቤታችን ስትመጪ፣ እናቴ አጠገብ ስትቀመጪ፣ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እጄ" አለቻት፤ 'እትዬ'ን ሳትጨምር። ድምፅዋ የአባቷን መሰለ።  ጠርሙሶቹን እንደተደረደሩ ትታ ወጣች። ዓርብ መኪናው አልሄደም። ዓርብ ጧት ሣጥኑም አላንኳኳም። እጄ ጓንቷን አጥልቃ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች፤ ምንም። ዝምታው ከማንኳኳቱ ባሰባት። ሰውየው ትተዋት የሄዱ መሰላት።

ሰኞ ሚጢ ተመለሰች። ዓይኗ አብጧል። ከበሩ ጀርባ የአባቷን ጋዋን አውርዳ ለበሰችው። እጅጌው እስከ ጣቷ ጫፍ ወረደ፤ ሁለቴ አጠፈችው።

"አምኜሻለሁ፤ ግን በቃል አይሆንም" አለች። "እንድገመው። ብልቃጦቹን የምከፍተው እኔ ነኝ። በቁጥር እሰጥሻለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቂም። አንቺ ትዘሪያለሽ፣ አንቺ ትቆጥሪያለሽ።"

"እጄ እኮ እንደ ድሮው አይደለም" አለች እጄ መዳፏን ዘርግታ እያየች።

"ይሁን። እኔ አጠገብሽ ነኝ።"

አንድ ወር ፈጀባቸው። ሥራ ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም። "ሳህን።" "ይኸው።" "ጨረሩን አጥፊ።" በአንደኛው ጧት ሁለቱም በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለሉትን ሳህኖች ይዘው ሣጥኑ ፊት ቆመው ሳለ ከውስጥ ኳ፣ ኳ አለ። ሚጢ እጇን እጀታው ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። ቀስ ብላ ዞር አለች።

"ሰማሽ?" አለች በሹክሹክታ።

"ሰማሁ።"

"ሁልጊዜ ነው?"

"አብዛኛውን ጊዜ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻሽን እዚህ…" አለችና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ወደ ሣጥኑ ዞራ፣ "አባዬ፣ ልንገባ ነው" አለችና ሣጥኑን ከፈተችው። ትኩስ አየር ሁለቱንም ፊታቸውን መታቸው። ውስጡ ሳህኖች ብቻ ነበሩ።

ሲቆጠር አንዱ ቁጥር ያለበት ሳህን ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነጠብጣብ ወጣ። በሌላው ስድስት። ሚጢ የትኛው ቁጥር የትኛው ብልቃጥ እንደሆነ ጽፋ ያሸገችበትን ኤንቨሎፕ ቀደደች። ስድስቱ "የሌለው" ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዙር ከዚህ አልራቀም። ሌላ ቸልተኛ የለም፤ ያለው ያው አንዱ ነው። ሚጢ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ አለቀሰች። እጄ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው፣ እንደገና ዘረጋችው። ሚጢ አልገፋቻትም።

የክፍሉ ኃላፊ ጉዳዩን ሲሰሙ ተቆጡ። "የሞተ ሰው መቃብር አይቆፈርም። ማን ይጎዳበታል? ተዉት" አሉ።

"አባቴ ሐሰት ላይ ስሙ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አይፈልግም" አለቻቸው ሚጢ። "ይሄ መቃብር መቆፈር አይደለም።"

እርማቱን ራሷ ጻፈችው፤ እጄ ፈረመችበት። መጽሔቱ ላይ በአራት መስመር ወጣ። ስህተቱ በናሙና አዘገጃጀት የተፈጠረ መሆኑንና የፕሮፌሰሩ እንዳልሆነ ይናገራል። እጄ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ከሥራ ግን አልተባረረችም። በኮሪደሩ አንዳንዱ ሰላምታ ነሳት። ማንኳኳቱ ቆመ ቢባል ውሸት ነው። ራቅ እያለ ግን መጣ፤ አንዳንዴ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይሰማም።

የቀረው ከባዱ ነበር። "እናቴ ከኔ አፍ አትሰማውም፤ አንቺ ትነግሪያታለሽ" ብላ ሚጢ እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ወሰደቻት።

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ቁመታቸው አጠር ያለ፣ አነጋገራቸው ቀጥተኛ ሴትዮ ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የተፈታ ሹራብ ክር እየጠቀለሉ ነበር። እጄ መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ክሩን መጠቅለል ሳያቋርጡ ሰሙ። ስትጨርስ ክሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ያንን ውጤት ባያገኝ አይሄድም ነበር?"

"አይሄዱም ነበር፣ እትዬ።"

"ዋሽተሻል። እሱ በሌላ ሰበብ ይሄድ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ያን ውሃ እንደ ጣውንት አይቼዋለሁ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሻይዬን እየጠጣሽ ዝም ማለትሽ፣ ይሄ ነው የሚያመኝ። ይሄን የሠራሽው አውቀሽ እንጂ ተሳስተሽ አይደለም።"

"እውነት ነው" አለች እጄ። 

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ ሴትዮዋ። "ሆስፒታል ስደርስ መናገር አይችልም ነበር። መኪናው ውስጥ ግን ከአንቺ ጋር ነበር። ምን አለ?"

ሚጢም ከበሩ አጠገብ ቀና አለች። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"'አዲሱን ጫማ አበላሸሁት፣ ልትቆጣኝ ነው' አሉ" አለች እጄ። "ሁለት ጊዜ ነው ያሉት።"

ሴትዮዋ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። መጀመሪያ የወጣቸው ሳቅ ነበር። "መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ! በዚያ ጫማ እዚያ ጭቃ ውስጥ አትሂድ ብዬ፣ መቶ ጊዜ!" አሉ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ሚጢ ሮጣ አቀፈቻቸው። እጄ ቦርሳዋን ይዛ ቆማ መሄዷም መቆየቷም ጨነቃት።

"ተቀመጪ" አሏት ሴትዮዋ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ዛሬ ይቅር አልልሽም። አልችልም፤ አትጠብቂኝ። ግን መኪናው ውስጥ የሆነውን ሁሉ፣ ያለውን ሁሉ፣ ሳታስቀሪ ትነግሪኛለሽ። ዛሬ ባያልቅ እሑድ ትመጫለሽ።"

አላለቀም። እጄ በሚቀጥለው እሑድ መጣች፤ በሚቀጥለውም። የመንገዱን ኩርባ፣ ሹፌሩ የተሳሳተውን መታጠፊያ፣ ፕሮፌሰሩ ውሃ የጠየቁበትን ቦታ፣ ሁሉንም ተናገረች። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ እሑድ ሴትዮዋ ምንም ሳይጠይቋት ሻይ ቀድተው አጠገቧ ተቀመጡና የሚጠቀልሉትን ክር ጫፍ አስያዟት። ሁለቱም እስኪመሽ ጠቀለሉ።